የማላከክ እንግሊዝኛ

በእንግሊዝኛ ጥፋትንና ኃላፊነትን ወደ ሌላ ሰው ማሻገሪያ ከሆኑት ፍሬዛል ቨርቦች (ትንሽ ቃል ከኋላቸው የምትለጠፍባቸው የአፍ ግሶች) ጥቂት የማይባሉት ቁማር ጠረጴዛ ላይ የተወለዱ ናቸው። «ፎይስት ኦን» ዛሬ ሰው ያልፈለገውን ነገር ሳይወድ ማሸከም ማለት ነው። አለቃ ማንም የማይነካውን ሥራ ለአዲሱ ሠራተኛ ሲያስታቅፈው የሚባለው ይኼ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን ግን ቃሉ የዳይስ ተጫዋቾች ነበር። አጭበርባሪው የተሰናዳ ዳይስ በእጁ ጨብጦ በመሃል ወደ ጨዋታው ሲያስገባ «ፎይስት» አደረገ ይባል ነበር፤ ሥሩም ቡጢን ከሚያመለክት የደች ቃል የመጣ ነው። «ፓልም ኦፍ» ደግሞ የቅርብ ዘመዱ ነው። ፓልም መዳፍ ነው፤ ካርታ በመዳፍ የመሸሸግ ዘዴ ከጨዋታው ወጥቶ ወደ ንግድ፣ ከንግድም ወደ ቢሮ ገባ። የማይረባ ዕቃውን ላላወቀ ገዢ የሸጠም፣ የራሱን ሪፖርት ለባልደረባው አስታቅፎ ሻይ ሊጠጣ የወጣም «ፓልም ኦፍ» አድርገዋል።

ከሁሉም ገናናው «ፓስ ዘ በክ» ነው። ሰዋስው አጥባቂ «ይኼማ ፍሬዛል ቨርብ አይደለም፣ ፈሊጥ ነው» ቢል እውነት አለው፤ ነገር ግን ያለ እሱ ይህን ሰፈር ማሰስ አይቻልም። በአሜሪካ የምዕራብ ድንበር ዘመን ፖከር ሲጫወቱ ካርታ የማደል ተራ የማን እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ምልክት ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ ነበር። ብዙ ጊዜ እጀታው ከአጋዘን ቀንድ የተሠራ ቢላ ነበር ይባላል፤ «በክ» ወንድ አጋዘን ነውና ስሙን ከዚያ አገኘ። ማደል ያልፈለገ ሰው ምልክቱን ወደ ቀጣዩ ይገፋዋል፤ ኃላፊነቱም አብሮ ይሄዳል። ማርክ ትዌይን እ.ኤ.አ. በ1872 ባሳተመው «ራፊንግ ኢት» ውስጥ አባባሉ ገና ከፖከር ሳይለቅ በአንድ ባሕርይ አፍ ይገኛል። ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ጠረጴዛው ላይ ያኖራት «ዘ በክ ስቶፕስ ሂር» የምትል ምልክት ደግሞ ኃላፊነቱ ከዚህ አያልፍም ማለቷ ነው። የተሠራችው በኦክላሆማ፣ ኤል ሪኖ በሚገኝ የፌዴራል ማረሚያ ቤት ሲሆን በፖስታ የተላከችለት ጥቅምት 2 ቀን 1945 እ.ኤ.አ. ነበር። ስለ ኃላፊነት መቀበል እንዲህ የገነነ ጽሑፍ ከማረሚያ ቤት መምጣቱ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። በጀርባዋ «የሚዙሪ ሰው ነኝ» ይላል፤ ያንን ግን ጎብኚ አያይም፣ የሚያየው ባለ ወንበሩ ብቻ ነው።

እኔ ከእነዚህ ቃላት የምወስደው ቁም ነገር ይኼ ነው፦ ቁማር ጠረጴዛ ላይ ምልክቱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል እንጂ አይተንም። ሰጪ አለ፣ ተቀባይ አለ። የመንገዱ እንግሊዝኛ ባለጌ ቢመስልም ማን በማን ላይ እንዳላከከ ሳይናገር አያልፍም። ሱፍ የለበሰው እንግሊዝኛ ግን ሌላ ጥበብ አለው፤ ወደ እሱ እንመጣለን።

በነገራችን ላይ «ፍሬዛል ቨርብ» የሚለው ስያሜ ራሱ ብዙ ዕድሜ የለውም። ቃሉን በመጽሐፍ ያስፋፋው ሎጋን ፒርሳል ስሚዝ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1925፤ ስያሜውን የጠቆመው ደግሞ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሄንሪ ብራድሊ ነበር። ግሶቹ ግን ከስያሜው በፊት ለዘመናት በሰው አፍ ነበሩ። ተማሪዎቻችን የሚፈሯቸው ግሱ ስለሚከብድ አይደለም። ግሱማ ብዙውን ጊዜ ልጅ የሚያውቀው ነው፤ የሚያደናግረው ከኋላው የምትለጠፈው ትንሽ ቃል ናት። በማላከክ ጉዳይ ላይ ግን ትንሿ ቃል እንደውም መንገዱን ታሳያለች። ጥፋቱ የት እንደሚሄድ የምትናገረው እሷ ናት።

«ኦን» ከሆነች ጥፋቱ ሰው ላይ አርፏል። «ፒን ኦን» በመርፌ ቁልፍ እንደመለጠፍ ነው፤ ዘበኛው ላይ ስርቆቱን «ፒን» አደረጉበት ሲባል የእኛው «ለጠፉበት» ቁጭ ብሎ ይታያል። «ደምፕ ኦን» ማራገፍ ነው፤ ከመኪና አሸዋ የሚገለብጥ ሰው ድርጊት። «ብሌም ኦን» ከሁሉም ለስላሳው ነው፣ ግን በዘመኑ ሲያጨቃጭቅ ኖሯል። የድሮ የአጠቃቀም መምህራን ሰውን በጥፋቱ ትወቅሳለህ እንጂ ጥፋቱን ሰው ላይ «አትወቅስም» ብለው ይከራከሩ ነበር። ክርክሩን ተሸንፈዋል፤ ዛሬ ሁለቱም ትክክል ነው፣ ልዩነቱ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ቀድሞ የሚጠራው ማን ነው የሚለው ብቻ ነው።

አማርኛ ተናጋሪ በዚህች «ኦን» ላይ ከሌሎች ተማሪዎች ይልቅ ዕድለኛ ነው ባይ ነኝ። እንግሊዛዊው መኪናው መንገድ ላይ ሲቆምበት «ዘ ካር ዳይድ ኦን ሚ» ይላል። ጀርመናዊ ወይም ፈረንሳዊ ተማሪ ይቺን «ኦን» ሲሰማ ግራ ይጋባል፤ እኛ ግን «ሞተብኝ፣ ጠፋብኝ፣ ተበላሸብኝ» እያልን ያደግን ነን። በግሱ ሆድ ውስጥ የምትሸጎጠው «ብ» ጉዳቱ ማን ላይ እንዳረፈ የምትናገረው እኮ በዚሁ መንገድ ነው። «መስተዋቱ ተሰበረ» እና «መስተዋቱ ተሰበረብኝ» በሚሉት መካከል ያለውን ርቀት ለሌላ አገር ሰው ማስረዳት ምን ያህል እንደሚያደክም ያስተማረ ያውቀዋል። እንግሊዝኛ ለዚያ ያለችው «ኦን» ናት።

«ኦፍ» ደግሞ ከራስ ላይ ማራገፍ ነው። «ሽረግ ኦፍ» ትከሻን ነቅንቆ ወቀሳን መጣል፤ «ብረሽ ኦፍ» እንደ አቧራ መጥረግ። በዚህ ሰፈር ሰፋ ብሎ ሊነገርለት የሚገባው «ፎብ ኦፍ» ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ፊት አለው። አንድን ሰው «ፎብ ኦፍ» ሲያደርጉት ጥያቄውን ሳይመልሱ በሰበብ ያመላልሱታል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደጅ የጠና ሰው ትርጉሙን ከመዝገበ ቃላት መፈለግ አያስፈልገውም፤ «ዛሬ ሄደህ ነገ ተመለስ» ነው። ዕቃን «ፎብ ኦፍ» ሲያደርጉት ግን ሰው ሳይሆን ዕቃው ነው የሚሄደው፣ የማይፈለገውን ነገር በዘዴ ማስታቀፍ ይሆናል። «ፓልም ኦፍ»ም በሁለቱም በኩል ይሠራል። «ፎይስት» ግን ዕቃውን ብቻ ነው የሚይዘው፤ ሰውን «ፎይስት» ማድረግ አይቻልም። በተቃራኒው «ሳድል ዊዝ» ሰውን ብቻ ይይዛል፤ ሳድል ኮርቻ ነውና የሚጫነው ሰውዬው ነው፣ ጭነቱ የሚመጣው ከ«ዊዝ» በኋላ ነው። ተማሪ ቃሉን ከትርጉሙ ጋር ብቻ ሸምድዶ ሲናገር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማንን ትይዛለህ፣ ሰውን ወይስ ሸክሙን? ግሱን ሲማሩ ይህችን ጥያቄ አብሮ መመለስ ነው።

«ፎብ ኦፍ» ደግሞ የትናንት አይደለም። «ኮሪዮሌነስ» በተሰኘው የሼክስፒር ተውኔት መጀመሪያ ላይ የተራቡ የሮማ ዜጎች ያምፃሉ፤ ባላባቱ ሜኔኒየስ ተረት ሊነግራቸው ሲነሣ ከመካከላቸው አንዱ መከራችንን በወሬ ልትሸኘው አታስብ የሚል መልስ ይሰጠዋል፤ የተጠቀመበትም ግስ ይኸው ነው። አራት መቶ ዓመት አልፎት ዛሬም የደንበኞች አገልግሎት ስልክ ላይ ግማሽ ሰዓት ሙዚቃ ሲሰማ የቆየ እንግሊዛዊ የሚያማርረው በዚያው ቃል ነው።

«አውት» ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል። እስካሁን የሚንቀሳቀሰው ጥፋቱ ነበር፤ አሁን ሰውዬው ራሱ ነው ወጥቶ የሚሄደው፣ ሸክሙ ባለበት ይቀራል። «ሪግል አውት» እየተጠማዘዙ ማምለጥ፣ «ዊዝል አውት» ዊዝል እንደምትባለው ቀጭን አውሬ በጠባብ ቀዳዳ መሹለክ፣ «ደክ አውት» ጎንበስ ብሎ መጥፋት፣ «ቺክን አውት» በፍርሃት ማፈግፈግ። መዝገበ ቃላቶቻችን እነዚህን ሁሉ «ኃላፊነትን ሸሸ» በሚል አንድ ሐረግ ማለፋቸው ያሳዝናል፤ ምክንያቱም አማርኛ ለዚህ የተትረፈረፈ ሀብት አለው፣ ግን ያስቀመጠው ሌላ ቦታ ነው። «ሹልክ አለ፣ ሸርተት አለ፣ ላጥ አለ፣ ፈትለክ አለ፣ ዘወር አለ፣ ችላ አለ።» ከ«አለ» ጋር የሚሄዱት እነዚህ ግሶች የፍሬዛል ቨርብ የቅርብ አቻ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ሁለቱም ከመጽሐፍ ይልቅ ለጨዋታ ይቀርባሉ፣ ሁለቱም ድርጊቱን በዓይን ያሳያሉ፣ ሁለቱንም ከባድ የቢሮ ደብዳቤ ይጠየፋቸዋል። «ከስብሰባው ሹልክ አለ» የሚለውን በቃለ ጉባኤ የጻፈ ጸሐፊ አላየሁም። ለተርጓሚ የምመክረውም ይኼን ነው፦ በፍሬዛል ቨርብ የተባለውን በ«አለ» ግስ ሞክረው፣ ብዙ ጊዜ ይገጥማል።

ከ«አውት» ወገን ታሪኩ የሚያስገርመው «ኮፕ አውት» ነው። ዛሬ ከኃላፊነት በሰበብ ማምለጥ ማለት ሆኖ በተለይ ከ1960ዎቹ ወዲህ ተስፋፍቷል። ሥሩ ግን ፍርድ ቤት ነው። በአሜሪካ የወንጀለኞች አነጋገር ተከሳሽ ትልቁን ክስ ለማምለጥ ትንሹን ክስ አምኖ ሲቀበል «ኮፕ» አደረገ ይባል ነበር። ስለዚህ ማመንና ማምለጥ በአንድ ግስ ውስጥ ተቃቅፈው ኖረዋል፤ ትንሿ ቃል ናት የለየቻቸው። «ኮፕ አውት» ሸሸ፣ «ኮፕ ቱ» አመነ። ልጁ መስኮቱን እንደሰበረ «ኮፕ ቱ» ካደረገ ጨዋ ነው፤ «ኮፕ አውት» ካደረገ ድመቷን ከስሷል።

«አፕ»ን በተመለከተ እንግሊዝና አሜሪካ ይለያያሉ። «ሴት አፕ» የሁለቱም ነው፤ ወጥመድ ዘርግቶ ሰውን ማስያዝ፣ የእኛ አገር ልጆች «አስበላው» የሚሉት። «ፊት አፕ» እና «ስቲች አፕ» ግን የብሪታንያ ናቸው፤ ንጹሕ ሰውን በሐሰት ማስረጃ ወንጀለኛ ማድረግ። «ፊት» ልብስ በልክ መስፋት፣ «ስቲች» መርፌ መውጋት ነው፤ ጥፋቱ በሰውዬው ልክ ተሰፍቶ ይለበስበታል። እነዚህ ቃላት ቀልድ የማይመስሉበት ጊዜ ነበር። በ1974 እ.ኤ.አ. የበርሚንግሃም መጠጥ ቤቶች በቦምብ ፈንድተው 21 ሰዎች ከሞቱ በኋላ በቀጣዩ ዓመት ስድስት ሰዎች ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ የወጡት በ1991 ነው፣ ፍርዱ ተሽሮ። በጊልድፎርድ ከተማ በፈነዳ ሌላ ቦምብ የታሰሩት አራት ሰዎችም በ1975 ተፈርዶባቸው በ1989 ተለቀቁ፤ የፖሊስ የምርመራ ማስታወሻዎች እንደተነካኩ ታውቆ። እስረኞቹና ደጋፊዎቻቸው ከአሥር ዓመት በላይ ሲጮኹ የነበረውን ነገር ሰፊው ሕዝብ በሁለት አጫጭር ቃላት ይጠራው ነበር፦ «ፊትድ አፕ»። የሕጉ ቋንቋ ግን ፍርዱ «አስተማማኝ አይደለም» ነው ያለው። ከሁለቱ የትኛው ድርጊቱን እንደሚናገር አንባቢ ይፍረድ።

ከዚህ ወረድ ብሎ የዕለት ተዕለት ሥራ ቦታ አለ፤ ባሕር ማዶ የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ እነዚህን ግሶች የሚማረው እዚያ ነው እንጂ ከመጽሐፍ አይደለም። «ስተክ ዊዝ»፦ ጓደኞችህ ምግብ በልተው ተበታትነው ሒሳቡ ካንተ ጋር ሲቀር። «ለምበርድ ዊዝ»፦ እንግሊዝ አገር ይኸው ነገር ሥራ ላይ ሲሆን። ሁለቱም የሚነገሩት በተሸካሚው አፍ መሆኑን ልብ ይሏል። ጥንቃቄ የሚሻው «ከቨር ፎር» ነው። በዋሽንግተን አካባቢም ሆነ በሚኒሶታ በሆስፒታልና በአረጋውያን መጦሪያ የሚሠራ ሰው ባልደረባው ቅዳሜን «ከቨር ፎር ሚ» ስትለው ፈረቃዬን ያዝልኝ ማለቷ ነው፤ ምንም ነውር የለበትም። አለቃዋ «እሱ ከቨር አደረገላት» ሲል ግን ጥፋቷን ደበቀላት፣ ዋሸላት ማለቱ ሊሆን ይችላል። ቃሉ አንድ ነው፤ አንዱ ምስጋና፣ ሌላው ክስ። ሰዓት መመዝገቢያው ላይ የሌላ ሰው ካርድ እየነካ «ከቨር እኮ ነው ያደረግሁላት» የሚል ሰው ሁለቱን አምታቷል። «ከቨር አፕ» ሲሆን ደግሞ ጥርጥር የለውም፣ ሽፍንፍን ነው።

አሁን ወደ ባለ ሱፉ። ከላይ ያሉት ግሶች ሁሉ፣ ጨዋም ይሁኑ ባለጌ፣ ባለቤት ይፈልጋሉ። «ፓልም ኦፍ» ያደረገ አንድ ሰው መኖር አለበት። ይፋዊው እንግሊዝኛ ግን ባለቤቱን አውጥቶ የሚጥልበት ዘዴ አለው፣ «ስህተቶች ተፈጽመዋል» የሚለው። ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ጥር 27 ቀን 1987 እ.ኤ.አ. ለምክር ቤቱ ባደረጉት ንግግር፣ ለኢራን በድብቅ በተሸጠው የጦር መሣሪያ ጉዳይ ከባድ ስህተቶች እንደተፈጸሙ ተናገሩ፤ ማን እንደፈጸመ አልተነገረም። አዲስ አልነበረም። ዩሊሲስ ግራንት በ1876 ተመሳሳይ ነገር ጽፎ ነበር፤ እሱ ግን ማመኑን ጨምሮበታል። የፖለቲካ ተንታኙ ዊልያም ሽናይደር ለዚህ አነጋገር የሰዋስው ስም የመሰለ ስያሜ አውጥቶለታል፤ ወደኛ ሲመለስ «ነፃ አውጪ ኃላፊ ጊዜ» እንደማለት ነው። እኛም ሩቅ ሳንሄድ አለን፦ «አንዳንድ ክፍተቶች ተስተውለዋል፣ ውስንነቶች ነበሩ፣ እንዲታረም አቅጣጫ ተቀምጧል።» ማን አስተዋለ፣ ክፍተቱን ማን ከፈተ፣ አቅጣጫውን ያስቀመጠው የት ነው ያስቀመጠው? በሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ ይህን የጠየቀ ሰው ስብሰባ አስረዝሟል ተብሎ ይወቀሳል። ተጠያቂ የግድ ካስፈለገ ደግሞ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው፤ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ወይም ሾፌር ይገኛል።

የባለቤት መጥፋት የቃል ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ በጥናት ታይቷል። ኬትሊን ፎሲና ሌራ ቦሮዲትስኪ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ሥራ ሰዎች የሬስቶራንት ቃጠሎ ታሪክ እንዲያነቡ አድርገዋል። ለግማሾቹ ሴትየዋ የጠረጴዛ ጨርቁን እንዳቀጣጠለችው፣ ለሌሎቹ ጨርቁ እንደተቀጣጠለ ነበር የተጻፈው። ቀሪው ታሪክ ያው ነው። «አቀጣጠለች» የሚለውን ያነበቡት የበለጠ ወቀሷት፣ የበለጠ ገንዘብም እንድትከፍል ፈረዱባት። ከዚያ ተመራማሪዎቹ ዓለም ያየውን ጉዳይ አመጡ፤ በ2004 በሂዩስተን በተካሄደው የሱፐር ቦውል (የአሜሪካ ፉትቦል ፍጻሜ) ዕረፍት ዘፋኙ ጀስቲን ቲምበርሌክ የዘፋኟን የጃኔት ጃክሰንን ልብስ የቀደደበትን። ክስተቱን በቪዲዮ ያዩ ሰዎች እንኳ «ቀደደው» የሚል ጽሑፍ ሲደርሳቸው «ተቀደደ» የሚል ከደረሳቸው ይልቅ 53 በመቶ የበለጠ ቅጣት ጥለውበታል። ዓይናቸው ካየው ይልቅ ግሱ በለጠ። ቲምበርሌክ ራሱ ያኔ የተጠቀመበት ቃል የልብስ «ብልሽት» የሚል ነበር፤ ልብሱ በራሱ እጅ እንዳለው። የሥራ በሮች በብዛት የተዘጉት በእሷ ላይ ነው። እሱ በይፋ ይቅርታ የጠየቃት በ2021 ነው።

ለዚህ ነው የመንገዱን ግሶች የምከላከላቸው። መምህራን ተማሪውን «ይህ የጨዋ እንግሊዝኛ አይደለም» እያሉ ያስጠነቅቁታል፤ ለሥራ ማመልከቻና ለፍርድ ቤት ቃል ልክ ናቸው። ለአከራይህ በምትጽፈው የቅሬታ ደብዳቤ ላይ «ፎብድ ኦፍ» ተደርጌያለሁ ብትል ግን ተራ ቅሬታ ሳይሆን ክስ ጽፈሃል፣ እሱም ይገባዋል። አንዳንዴ የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

ወደ መቀበያው ወገን ስንዞር ሜዳው ይጠብባል። ለመሸሽ ያን ያህል ግስ ያከማቸው እንግሊዝኛ ለማመን ያለው ጥቂት ነው። «ኦውን አፕ» አለ፤ «ፌስ አፕ» አለ፣ መናዘዝ ከሚለው ቃል ራሱን ተቆርጦ የቀረ የአሜሪካ ቃል፤ «ኮፕ ቱ»ን አይተናል፤ «አንሰር ፎር» ከበድ ያለና አስፈራሪ ነው። የእነዚህ ሁሉ ችግር ከበስተኋላቸው ጥርጣሬ መቆሙ ነው። ሰው «ኦውን አፕ» አደረገ ሲባል እስካሁን ደብቆ ነበር ማለት ነው። ሳይያዝ፣ ሳይጠየቅ የሚያምን ሰው የሚገባው ግስ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። ሬገን እንኳ በዚያው በ1987 መጋቢት 4 ቀን በቴሌቪዥን ቀርበው ለራሳቸውም ለአስተዳደራቸውም ድርጊት ሙሉ ኃላፊነት እንደሚወስዱ ሲናገሩ፣ የኢራኑን ጉዳይ ያጣራው ኮሚሽን ሪፖርቱን ካወጣ ቀናት አልፈው ነበር።

ክፍተቱን የሞላው ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በአሜሪካ አፍ የተለመደ አጭር ነገር ነው፦ «ዛትስ ኦን ሚ»። ግስ የሚባል የለበትም ለማለት ይቻላል፤ ያቺው ሰው ላይ የምትለጥፈው «ኦን» ናት፣ አሁን ግን ተናጋሪው በራሱ ላይ ለጥፏታል። የተሸነፈ ቡድን አሠልጣኝ ጋዜጠኞች ፊት ሲቀመጥ በመጀመሪያ የሚናገራት ይቺን ሆናለች። አድማጭ ይወዳታል፤ አጭርና ወንዳወንድ ናት፣ ማብራሪያም አትጠይቅም። በሳምንቱ ከቡድኑ የሚቀነሰው ግን ብዙ ጊዜ ተጫዋቹ ነው፤ አሠልጣኙ እዚያው አለ።